በዱባይ ሞተር ልትነዳ ያሰብክ ወንድማችን ሆይ! ስለ መንጃ ፈቃድ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ዲያ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በመስጂዳችን ቢሮ የምናገለግል ሰዎች ዐረብኛ ስለምናነብ ከሶላትና ከደርስ ውጭ አንድ ሥራ ተጨምሮልናል። የከተማችን ወጣቶች ከዐረብ አገር በስልካቸው የተላከላቸውን ወረቀት ይዘው ይመጡና «ኡስታዝ፣ ይሄ ምን ይላል?» ይሉናል። ድሮ የሚመጣልን የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ኮንትራት ነበር። አሁን አሁን ግን የሞተር ዴሊቨሪ ወረቀት በዝቷል። ምግብና ዕቃ በሞተር ማመላለስ በዱባይም፣ በሪያድም፣ በዶሃም ብዙ የውጭ ዜጋ የሚሠራበት እንጀራ ሆኗል።

ወደኛ ከሚመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ እዚሁ ከተማችን ባጃጅ ወይም ሞተር ሲነዱ የኖሩ ናቸው። «መንዳቱን እችላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። መንዳት መቻልና እንድትነዳ መፈቀድ ግን ለየቅል ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው።

እኛ ዐረብኛን የተማርነው ከኪታብ ነው። «ሩኽሳ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን የመንገደኛ ሶላት ማሳጠር ነው፤ ሸሪዓው ለተቸገረ ሰው የሰጠው ማቅለያ። በዐረብ አገር ወረቀት ላይ ግን ሩኽሳ ማለት መንጃ ፈቃድ ነው። «ታእሚን» ማለት ኢንሹራንስ ነው፤ ሥሩ አማን፣ አማና፣ ኢማን ከምንላቸው ቃላት ጋር አንድ ነው። «ዲያ» ደግሞ በኪታቡም በዚያ አገር ፍርድ ቤትም ያው ዲያ ነው፤ የነፍስ ካሣ።

ወረቀቶቹን ስናነብ የገባን ነገር ቢኖር እነዚህ ሦስት ቃላት እንደ ሰንሰለት መያያዛቸው ነው። ሩኽሳው ከሌለ ታእሚኑ አይሸከምህም። ታእሚኑ ካልተሸከመህ ዲያው ባንተና በቤተሰብህ ላይ ይወድቃል። በየተራ እንያቸው።

1. ሩኽሳ፦ መንጃ ፈቃዱ

ወጣቶቹ አብዝተው የሚጠይቁን «ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አይበቃኝም?» እያሉ ነው። መልሱን ለማወቅ ይህ ወረቀት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው በሁለት የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች ላይ የቆመ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ፣ ሌላው በ1968 በቪየና የተደረገ ነው። ወረቀቱ በራሱ ፈቃድ አይደለም። በአገርህ ያለህን መንጃ ፈቃድ የውጭ ትራፊክ ፖሊስ እንዲረዳው በብዙ ቋንቋ የሚተረጉም መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ዋናው መንጃ ፈቃድ ከሌለህ ትርጉሙ ብቻውን ዋጋ የለውም። በጄኔቫው ስምምነት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ያገለግላል። በቪየናው የሚሰጠው ቢበዛ እስከ 3 ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ዋናው ፈቃድህ ጊዜው ካለፈ ግን እሱም አብሮ ያልፋል። በቴሌግራም ሰው ፎቶ ልኮ የሚገዛው «የ10 ዓመት ዓለም አቀፍ ፈቃድ» ከእነዚህ ከሁለቱም ውስጥ የለም። ገንዘብህን በልተው ካርድ የሚሰጡህ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ነገር ምድቡ ነው። በእነዚህ ስምምነቶች «ኤ» የሚለው ፊደል ሞተር ሳይክል ነው፤ «ቢ» ደግሞ ቀላል መኪና። በመኪና ፈቃድ ሞተር ላይ የወጣ ሰው በሕግ ዓይን ለሞተሩ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። እዚህ አገር ቤት «መኪና ከቻልኩ ሞተር ምን አላት» የሚባለው ነገር እዚያ አይሠራም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙልን፦ ዓለም አቀፍ ፈቃድ የጎብኚ ወረቀት ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው የአገሩን መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የአንዳንድ አገሮች ዜጎች የራሳቸውን ፈቃድ ያለ ፈተና በቀጥታ ያስቀይራሉ። የኢትዮጵያ ፈቃድ በቀጥታ ከሚቀየሩት መካከል አይደለም። ስለዚህ ከኛ አገር የሄደ ሰው ትምህርት ቤት ይመዘገባል፣ የዓይን ምርመራ ያደርጋል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ በሜዳ ይፈተናል፣ በመጨረሻም በመንገድ ላይ ይፈተናል። ወጪው በሺዎች የሚቆጠር ድርሃም ነው።

ይህን መንገድ ጨርሶ ፈቃዱን ያወጣ የከተማችን ልጅ በድምፅ መልእክት ያለን ነገር አይረሳንም። «ሰባት ዓመት ሞተር ነድቼ ተማር ስባል ተናድጄ ነበር። የመንገዱን ፈተና ሁለት ጊዜ ጣሉኝ። በሦስተኛው ሳልፍ ግን እዚያ ቤት የማውቀው ሞተሩን እንጂ መንገዱን እንዳልሆነ ገባኝ» ነበር ያለን። እውነቱን ነው። በዱባይ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2025 ጀምሮ የዴሊቨሪ ሞተር ባለ 5 መስመር መንገድ ላይ በግራ ጫፍ ያሉትን 2 ፈጣን መስመሮች እንዳይጠቀም ተከልክሏል። ባለ 3 ወይም ባለ 4 መስመር ከሆነ ደግሞ የግራውን ጫፍ አንድ መስመር። ባጃጅና በግ፣ ጋሪና እግረኛ በአንድ አስፋልት ከሚሄዱበት ከተማ የወጣ ልጅ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ከመጋቢት 2025 ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የኤምሬቶች የትራፊክ ሕግ ያለ መንጃ ፈቃድ ወይም ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ ባልሆነ ፈቃድ የነዳ ሰው እስከ 3 ወር እስራት፣ ወይም ከ5,000 እስከ 50,000 ድርሃም ቅጣት፣ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። የዴሊቨሪ ልጅ ይህን ከፍሎ ስንት ወር ለባዶ እጁ እንደሚሠራ አስሉት።

2. ታእሚን፦ ኢንሹራንሱ

«ሞተሩ ኢንሹራንስ አለው» የሚለው ቃል ወጣቱን ያሳርፈዋል። እኛ ግን ወዲያው «ለማን?» ብለን እንጠይቃለን።

በብዙ አገሮች ግዴታ ሆኖ የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለዚህ መድን ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተደንግጓል። ሦስተኛ ወገን ማለት አንተ አይደለህም። ሦስተኛ ወገን ማለት አንተ የገጨኸው እግረኛ ነው፤ መኪናው የተፈገፈገበት ሰው ነው፤ ልጁ የሞተበት አባት ነው። ይህ መድን የተቋቋመው የሰው ሐቅ እንዳይቀር ነው።

በኤምሬቶች ከእ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ ጀምሮ የተሽከርካሪ መድን ውል በሁሉም ኩባንያ አንድ ወጥ ሆኗል። በዚህ ውል ኩባንያው ለሌላ ሰው ንብረት ጉዳት እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይሸፍናል። ለሞትና ለአካል ጉዳት ደግሞ ፍርድ ቤት የወሰነውን ይከፍላል። ይህ ትልቅ ከለላ ነው።

ነገር ግን እዚያው ውል ውስጥ ሰው የማያነበው ክፍል አለ። ኩባንያው ለተጎዳው ሰው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከነጂው ወይም ከባለ ንብረቱ መልሶ የሚጠይቅባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። ከእነሱ አንዱ ነጂው ለዚያ ተሽከርካሪ የሚሆን መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው መንዳቱ ነው። ልብ በሉ! የተጎዳው ሰው ሐቁን ያገኛል፤ ሕጉ እሱን አልረሳውም። ዕዳው ግን አይጠፋም። ከኩባንያው ወደ አንተ ይዞራል። ሰንሰለቱ ያልነው ይህ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ኢንሹራንስ ባለው ሞተር ላይ ቢቀመጥም ለራሱ ኢንሹራንስ እንደሌለው ሰው ነው።

3. ዲያ፦ የነፍስ ካሣው

መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በስህተት ሰው የገደለ ሰው ዲያ አለበት፤ በኪታቦቻችን መነሻው 100 ግመል ነው። የዛሬዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ይህን በገንዘብ ተምነውታል። በኤምሬቶች 200,000 ድርሃም ሆኖ ቆይቷል። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2011 የግመል ዋጋ መወደዱ ታይቶ በስህተት ለተገደለ ሰው 300,000 ሪያል ሆኗል። በትራፊክ አደጋ ሰው ሲሞትና ጥፋቱ የነጂው ሲሆን ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ይህን ነው። የመንግሥት ቅጣቱ ለብቻው ነው። እዚያ «የሕዝብ ሐቅ» እና «የግል ሐቅ» ይሏቸዋል። የአንዱ መከፈል ሌላውን አያነሳም።

ኪታቡ ደግሞ በስህተት የተገደለ ሰው ዲያ የሚከፈለው በገዳዩ ብቻ ሳይሆን በ«ዓቂላ» ነው ይላል፤ በአባቱ በኩል ባሉ ወንድ ዘመዶቹ። የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። አበጋሮች ደም ሲያደርቁ ካሣውን የሚያዋጣው ወገን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውምና። የአንድ ሰው ስህተት አንድን ቤት እንዳያጠፋ ሸክሙ ይከፋፈላል።

እንግዲህ በዱባይ ጎዳና የአንተ ዓቂላ ማን ነው? አጎቶችህ ገጠር ናቸው። አባትህ ጡረተኛ ነው። እዚያ አገር በዓቂላ ቦታ የቆመልህ ያ የኢንሹራንስ ውል ነው፤ እሱን ደግሞ በሕይወት የሚያቆየው መንጃ ፈቃድህ ነው። ያ ሲቀር 200,000 ድርሃም ወደ ዓቂላ ይዞራል፤ እናትህ ጆሮ ላይ ያለው ወርቅ፣ አባትህ የሠራት ቤት፣ የወንድሞችህ የትምህርት ገንዘብ። እኛ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወል ሰው እንዴት እንደሚሆን አይተናል።

አንድ ነገር እንጨምር። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ እንደተደነገገው በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሙእሚን ከዲያው ሌላ ከፋራ አለበት። ዛሬ ነፃ የሚወጣ ባሪያ ስለሌለ ይህ ማለት ተከታታይ 2 ወር መጾም ነው። ዲያውን ኩባንያ ሊከፍልልህ ይችላል። ጾሙን ግን ማንም ኩባንያ አይጾምልህም። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ የሚበር ሰው የነፍስን ክብደት አልተረዳም።

4. አንተስ? የነጂው የራሱ አካል

ሦስተኛ ወገን አንተን እንደማይጨምር አይተናል። ታዲያ የዴሊቨሪው ልጅ ራሱ ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል? እዚህ ላይ የሚመጣው የሥራ ውሉ ነው።

በኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሥራ ሕግ (ቁጥር 33) ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ካልዳነ ለሚቀጥሉት 6 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፍለዋል። በሥራው ምክንያት ከሞተ ቤተሰቡ የ24 ወር መነሻ ደመወዝ ያገኛል፤ ይህ ከ18,000 ድርሃም አያንስም፣ ከ200,000 አይበልጥም። በሳዑዲም አሠሪው ለውጭ ዜጋ ሠራተኛው የሥራ ላይ አደጋ መድን 2 በመቶ ለማኅበራዊ መድን ድርጅቱ ያስገባል።

እነዚህ ሁሉ ግን የሚሠሩት ስምህ በሥራ ፈቃድና በውል ላይ ላለ ለአንተ ነው። በቪዚት ቪዛ ገብቶ፣ በጓደኛው አካውንት፣ በሰው ሞተር የሚሠራ ልጅ በሕጉ ዓይን ሠራተኛ አይደለም። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2024 ሕጋቸውን አጥብቀው ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ አሠሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም እንዲቀጣ አድርገዋል። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚጠብቀው አሠሪ አንተ በወደቅህ ዕለት «ሠራተኛዬ ነው» ብሎ ሆስፒታል የሚመጣ ይመስልሃል?

ከከተማችን የሄደ አንድ ልጅ የደረሰበት ይህ ነው። አካውንቱ የሌላ ሰው፣ ሞተሩ የሌላ ሰው፣ ቪዛው የጉብኝት ነበር። ማታ ለዕቃ ሲቸኩል ወደቀና እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አካውንቱን ያከራየው ሰው ስልኩን ዘጋ። ያሠራው ሰው አላውቀውም አለ። አባቱ ወደኛ ሲመጡ በእጃቸው ያለው ልጃቸው የላከላቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ውል የለ፣ የሥራ ፈቃድ የለ፣ የኢንሹራንስ ካርድ የለ። «ልጆቼ፣ አንብቡልኝ» አሉን። የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጀማዓው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አዋጣ፤ አላህ ይቀበላቸው። እዚያ ያሉ ወንድሞችም ጨመሩበት። ልጁ በክራንች ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለ። ይህ መዋጮ ሶደቃ ነው፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ የጁሙዓ መዋጮ የሕግን ቦታ ሊተካ አይችልም። ለሚቀጥለው ልጅ ደግሞ እንደዚያ ላይሞላ ይችላል።

5. «ኡስታዝ፣ ኢንሹራንስ ሐላል ነው?»

ይህን የሚጠይቁን ልጆች አሉ፤ መጠየቃቸውም ጥሩ ነው። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባደረገው ጉባኤ የንግድ ኢንሹራንስ ውል ውስጡ ገረር (የማይታወቅ ነገር) ስላለበት አይፈቀድም ብሎ፣ በምትኩ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን የትብብር መድን ፈቅዷል። «ተካፉል» የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ነው። የትብብር መድንን ከዓቂላ ጋር ያመሳሰሉ ዑለማዎችም አሉ፤ ሸክምን መከፋፈል ነውና። መንግሥት ግዴታ ያደረገውን ደግሞ ብዙ ዑለማዎች የተገደደ ሰው ቢገባበት ወንጀል የለበትም ብለዋል። ምርጫ ካለህ ተካፉሉን ምረጥ። «ሐራም ነው ብዬ ተውኩት» ብሎ ያለ መድን ሰው መሐል ገብቶ መብረር ግን ተቅዋ አይደለም። የገጨኸው ሰው ሐቅ የት ይገባል?

«ቀደር ነው» የሚሉንም አሉ። አዎ፣ የሚደርሰው ሁሉ በአላህ ቀደር ነው። ሰበብ ማድረስ ግን ካንተ ይጠበቃል። ግመሉን ሳያስር የተወ ሰው ግመሉ ሲጠፋ ቀደርን መውቀስ አይችልም።

6. ከመፈረምህ በፊት

ወረቀት ይዘህ ስትመጣ የምንጠይቅህ እነዚህን ነው። ቀድመህ ራስህን ጠይቅ፦

• ቪዛው የሥራ ነው ወይስ የጉብኝት? በሕጋዊ መንገድ፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል የጸደቀ ውል አለህ?
• በውሉ ላይ ያለው ሥራ ሞተር መንዳት ነው ወይስ ሌላ? «ጽዳት» ተብሎ ተጽፎ ሞተር ላይ የሚያስቀምጡ አሉ።
• የመንጃ ፈቃዱን ትምህርት ማን ይከፍላል? ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ በየወሩ ስንት፣ እስከ መቼ? በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።
• ፈቃዱ ሳይወጣ «እስከዚያው ንዳ» ቢሉህ ምን ትላለህ? መልስህ «አልነዳም» ይሁን።
• ሞተሩ በማን ስም ነው? ኢንሹራንሱ ለዴሊቨሪ ሥራ የተገባ ነው ወይስ ለግል መጠቀሚያ?
• የጤና መድን ካርድህ የታለ? ፎቶውን ለቤተሰብህ ላክ። የውሉንም ቅጂ እንደዚሁ።
• አካውንቱ በራስህ ስም ነው? በሰው ስም ከሆነ ጥፋቱም ጉዳቱም ባለቤት የለውም።

ከእነዚህ ሁለቱ እንኳ መልስ ካጡ ደላላው የቸኮለውን ያህል አንተ አትቸኩል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ በሦስት ወር ዘግይቶ መሄድ አያጎድለውም። በተለይ ለወላጆች እንናገራለን። ልጃችሁ ሲሄድ «ደርሰሃል ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁት ሁሉ «ፈቃድ አውጥተሃል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁት። ጎበዝ ልጅ መሆኑ ከአደጋ አያድነውም። ብዙ ዕቃ በሰዓት አድርስ የሚባል ልጅ ከጉብዝናው በላይ ይቸኩላል።

ይህን ስንጽፍ ሰው ሠርቶ እንዳይበላ ለማስፈራራት አይደለም። በሕጉ ሄደው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በዚያ ሙቀት ቀን ከሌት ሠርተው እናት አባታቸውን የሚጦሩ፣ ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩ ወንድሞች አሉን፤ አላህ ይጠብቃቸው። ልዩነታቸው ዕድል ብቻ አይደለም። ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ወረቀቱን አነበቡ፤ ያልገባቸውን ጠየቁ።

ዐረብኛ ወረቀት የደረሰህ ወንድማችን ካለህ በአቅራቢያህ ወዳለ መስጂድ ይዘህ ሂድ፤ አንብቦ የሚያስረዳህ አታጣም። ይህን ጽሑፍም ለመሄድ እየተዘጋጀ ላለ ሰው አድርሱለት።

አላህ በመንገድ ላይ ያሉ ወንድሞቻችንን ይጠብቅ፣ የሰው ሐቅ አንገታችን ላይ ሳይኖር ከርሱ ጋር የምንገናኝ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።